ከወሊድ ፈቃድ ማግስት ልጁን ማን ይይዘዋል? ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ለምትመላለስ እናት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «የምንኖረው ደሴ ነው። እኔ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ስፌት ላይ እሠራለሁ፤ ሰርቪሱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ይነሳል። ባለቤቴ ደሴ ውስጥ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ልጃችን 7 ሳምንት ሞልቶታል፣ የሚይዝልን ዘመድ የለም። መንግሥት ለሚሠሩ ወላጆች ለልጅ ማቆያ የሚያደርገው ድጋፍ አለ? ፋብሪካውስ ማቆያ የማቋቋም ግዴታ አለበት? ወይስ ሥራውን ልተወው?»

መንግሥት ለሚሠራ ወላጅ ለልጅ ማቆያ ብሎ በእጁ የሚሰጠው ገንዘብ የለም። ልጅ አለኝ ተብሎ ከደመወዝ ግብር ላይ የሚቀነስም የለም። ከደመወዝዎ ለጡረታ የሚቆረጠው 7 በመቶና አሠሪው የሚጨምረው 11 በመቶም ለእርጅና፣ ለጉዳትና ለተተኪዎች ነው፤ ሕፃን ማሳደጊያ አይከፍልም። አሁን የሚያገኙትን የወሊድ ፈቃድ ደመወዝ እንኳ ፋብሪካው የሚከፍለው ከራሱ ነው፤ ኋላ የሚተካለት ፈንድ የለም። ይህን አስቀድመን ያነሳነው አሠሪዎች በወሊድ ጉዳይ ለምን ፊታቸው እንደሚጨማደድ ስለሚያስረዳ ነው። ፋብሪካው ጋ ሄደው ሲነጋገሩም ይጠቅምዎታል።

መንግሥት የሚሰጠው ሌላ ነገር ነው፦ በሕግ የተጠበቀ ጊዜ፣ ለአንዳንዱ ሠራተኛ ደግሞ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ክፍል፣ ልጁ ከፍ ሲል ትምህርት ቤት። ችግሩ በጊዜውና በትምህርት ቤቱ መካከል ያሉት ዓመታት ባዶ መሆናቸው ነው። የእርስዎ ጥያቄም ያረፈው እዚያ ክፍተት ላይ ነው።

በእጅዎ ካለው ጊዜ እንጀምር። እርስዎ የሚተዳደሩት በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው፤ በፓርኩ አጥር ውስጥም የሚሠራው ይኸው ሕግ ነው። አዋጁ ከወሊድ በፊት 30 ተከታታይ ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ይሰጣል። «ተከታታይ» ማለት እሑድም በዓልም ይቆጠራል ማለት ነው። ልጅዎ 49 ቀን ስለሞላው የቀረዎት 41 ቀን ነው። ብዙ እናቶች እስከ መጨረሻው ሳምንት ሠርተው «ያልተጠቀምኩበት ቅድመ ወሊድ ይደመርልኛል» ብለው ያስባሉ። የአዋጁ አካሄድ እንዲህ አይደለም፤ 30ው ቀን ሳያልቅ ከተወለደ 90ው ቀን ከወሊድ ጀምሮ መቆጠር ይጀምራል። ስለዚህ ያንን ቀን በዕቅድዎ ውስጥ አያስገቡት። የኅብረት ስምምነታችሁ፣ ማለትም የሠራተኛ ማኅበሩና ፋብሪካው የተዋዋሉት ውል፣ የተሻለ ነገር ካለው ግን እሱ ይሠራል፤ ቅጂውን ከሠራተኛ ማኅበሩ ይጠይቁ።

በዚህ ላይ የዓመት ፈቃድ አለ። አንድ ዓመት ካገለገሉ 16 የሥራ ቀን ይገባዎታል፤ ከዚያ በኋላ ለየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። በሳምንት 6 ቀን ለሚሠራ ሰው 16 የሥራ ቀን በቀን መቁጠሪያ 18 ቀን ገደማ ይሆናል። የዓመት ፈቃድ የሚወጣበትን ጊዜ የሚወስነው አሠሪው ነው፤ የሠራተኛውን ፍላጎት በተቻለ መጠን እንዲያይ ግን ሕጉ ይጠይቀዋል። ስለዚህ ማመልከቻውን ወሊድ ፈቃዱ ሲያልቅ ሳይሆን አሁን ያስገቡ። የመስመሩ አለቃ ምርቱን የሚያቅደው ከሳምንታት በፊት ነው፤ በመጨረሻው ቀን የመጣ ማመልከቻ «ትዕዛዝ አለብን» በሚል ይመለሳል።

ቤተሰቦች በብዛት የሚሳሳቱት የባልና የሚስት ፈቃድ አጠቃቀም ላይ ነው። ባልየው የዓመት ፈቃዱን በወሊዱ ሰሞን፣ ቤቱ በእንግዳና በአራስ ጠያቂ ሞልቶ ሳለ ይጨርሰዋል። ገንፎው ሲያልቅና እንግዳው ሲመለስ ፈቃድም የለም። ፈቃድ ተከታትሎ እንጂ ተደራርቦ መወሰድ የለበትም። ባለቤትዎ 20 የሥራ ቀን ቀርቶት ከሆነና በሳምንት 5 ቀን የሚሠራ ከሆነ ያ 4 ሳምንት ነው። የእርስዎ 90 ቀን፣ ከዚያ የእርስዎ 18 ቀን፣ ከዚያ የእሱ 28 ቀን ሲደማመር 136 ቀን ይመጣል፤ ልጁ አራት ወር ተኩል ይሆነዋል ማለት ነው። በሕክምናው ምክር ልጅ ጡት ብቻ የሚጠባው 6 ወር እስኪሞላው ነው፤ መጀመሪያ ሦስት ወር የነበረው ክፍተት አሁን ወደ ስድስት ሳምንት ተኩል ወረደ። ምንም ገንዘብ ሳይወጣ የተገኘ ትርፍ ነው።

የአባት ፈቃድን በተመለከተ፣ 1156/2011 ለወንድ ሠራተኛ የሚሰጠው 3 ተከታታይ ቀን ብቻ ነው። ለፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች ወጥቶ የነበረው አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ግን 10 የሥራ ቀን ደንግጎ ነበር፤ ይህ አዋጅ በ2017 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1353/2017 ተተክቷል። ባለቤትዎ የክልሉ ሠራተኛ ከሆነ የሚገዛው የክልሉ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ስለሆነ የፌዴራሉን ቁጥር ይዞ የሰው ሀብት ክፍል አይግባ፤ የክልሉን አዋጅ አንቀጽ አስወጥቶ ያንብብ። «እንዲህ ነው ይላሉ» በሚል ወሬ የቀረ ፈቃድ ብዙ ነው።

ወደ ሥራ ሲመለሱ የሚጠብቅዎትን ሕግም ማወቅ ያስፈልጋል፤ እዚህ ላይ የሚያዘናጋ ነገር አለ። አሠሪ አንዲትን ሠራተኛ በእርግዝናዋ ወቅትና ከወለደች በኋላ እስከ 4 ወር ድረስ ማሰናበት አይችልም፤ ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር ያልተያያዘ ሕጋዊ ምክንያት ካለ ግን ይችላል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው የሌሊት ሥራና የትርፍ ሰዓት ክልከላም የተጻፈው ለነፍሰ ጡር ነው፤ ከወለዱ በኋላ የሌሊት ፈረቃ ሊደርስዎት ይችላል። ጡት ለማጥባት በቀን ይህን ያህል ደቂቃ ይሰጥ የሚል ድንጋጌም በአዋጁ ውስጥ የለም። ከሁሉም በላይ ልብ ሊሉት የሚገባው የመዘግየትና የመቅረት ደንብ ነው። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠ በስድስት ወር ውስጥ 8 ጊዜ ያለበቂ ምክንያት ማርፈድ፣ ወይም በድምሩ 5 የሥራ ቀን መቅረት፣ ያለ ቅድመ ማስታወቂያ ያሰናብታል። ልጅ በዕድሉ ያድጋል ይባላል፤ የሰዓት መቆጣጠሪያው ግን ዕድል አያውቅም። ሞግዚት ስላረፈደች፣ ልጁ ሌሊቱን ሲያተኩሰው ስላደረ ስምንት ጊዜ ማርፈድ ለአንዲት እናት የሁለት ወር ሥራ ነው።

ስለዚህ ልጁ ሲታመም ዝም ብለው አይቅሩ። ጤና ጣቢያ ወስደው የተመረመረበትን ማስረጃ በማግስቱ ለሰው ሀብት ክፍል ያስገቡ፤ መዝገብ ቤት ገቢ አስደርገው ቀንና ቁጥር ያለበትን ቅጂ ይያዙ። አዋጁ ለልዩና አሳሳቢ ሁኔታ ያለ ክፍያ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ፈቃድ ይሰጣል፤ በበጀት ዓመቱ ከሁለት ጊዜ አይበልጥም። ያልተከፈለ ቀን ይጎዳል፣ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ግን የበለጠ ይጎዳል። ክፉው ደርሶ ከተሰናበቱና ወደ ሥራ መመለስ ከፈለጉ ክስ የሚቀርበው በ3 ወር ውስጥ ነው፤ ያልተከፈለ ደመወዝ ደግሞ በ6 ወር ውስጥ። እናቶች ይህ ቀነ ገደብ የሚያልፍባቸው ባብዛኛው ልጅ ይዘው ስለሚንገላቱ ነው። ክስ ከማቅረብ በፊት በከተማው የሥራና ስልጠና መሥሪያ ቤት ውስጥ ያለውን የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ማነጋገር ይቻላል፤ ወጪ የለውም፤ ቀኑ ግን መቆጠሩን አያቆምም።

አሁን ወደ ክፍሉ ጉዳይ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሴት ሠራተኞች ልጆቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ 1064/2010 በግልጽ አዞ ነበር። በግል አሠሪ ላይ ግን 1156/2011 እንዲህ ያለ ግዴታ አልጣለም። ፋብሪካው ይገደዳል ወይ ላሉት መልሱ፦ በአዋጁ አይገደድም። የእናንተ ቤት ችግር ደግሞ ድርብ ነው። ሕጉ ስለ ማቆያ ሲናገር የሚያስበው ሴት የመንግሥት ሠራተኛን ነው፤ በእናንተ ቤት የመንግሥት ሠራተኛው አባትየው ነው። ሆኖም የባለቤትዎ መሥሪያ ቤት ወይም በዚያው ግቢ ያለ ሌላ መሥሪያ ቤት ማቆያ ካለው በጽሑፍ ይጠይቅ። ክልከላ አይደለም፣ ዝምታ ነው ያለው፤ ቦታ ካለ ኃላፊው ሊፈቅድ ይችላል። በቃል ከተጠየቀ «ለእናቶች ነው» ተብሎ በበር ላይ ያልቃል። በማመልከቻው ላይ የልጁን ዕድሜ፣ የእናትየዋን የሥራ ቦታና ሰዓት፣ ማን አድርሶ ማን እንደሚወስድ ይግለጽ፤ የክትባት ካርዱን ቅጂ ያያይዝ።

በፋብሪካው በኩል በሩ የኅብረት ስምምነት ነው። 10 ሠራተኛ ካለ ማኅበር መመሥረት ይቻላል። አዋጁ በኅብረት ስምምነት ሊካተቱ ከሚችሉት ጉዳዮች መካከል የሥራ ላይ ደህንነትና ጤና እንዲሁም ማኅበራዊ አገልግሎቶች የሚሻሻሉበትን ሁኔታ ይጠቅሳል፤ ማቆያ የሚገባው እዚህ ነው። ድርድር የፈለገ ወገን ረቂቁን አያይዞ በጽሑፍ ያቀርባል፤ የተጠየቀው ወገን በ10 ቀን ውስጥ ለድርድር መቅረብ አለበት። ኢትዮጵያ የቤተሰብ ኃላፊነት ስላለባቸው ሠራተኞች የሚደነግገውን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 156 በ1983 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ ስምምነቱ የሕፃናት እንክብካቤን የመሰሉ አገልግሎቶች እንዲስፋፉ ይጠይቃል፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረትም የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። ይህን በደብዳቤው መግቢያ ላይ መጥቀስ ክብደት ይሰጣል። ፋብሪካውን በፍርድ ቤት ማቆያ ያሠራዋል ብሎ መጠበቅ ግን የዋህነት ነው፤ ስምምነቱ የሚያናግረው በዋናነት መንግሥትን ነው።

ምን ይጠየቅ? ልምዱ እንደሚያሳየው ብዙ ማኅበራት «ማቆያ ይሠራልን» ብለው ይጀምራሉ፤ ማኔጅመንቱ ስለ ሕንፃና በጀት ማውራት ይጀምራል፣ ዓመት ያልፋል። መጀመሪያ የሚጠየቀው ርካሹ ነው፦ በፈረቃ ሁለት ጊዜ ለየግማሽ ሰዓት የወተት ማለቢያ ዕረፍት፣ የሚቆለፍ ንጹሕ ክፍል፣ የእጅ መታጠቢያና አንዲት ትንሽ ፍሪጅ። ቀጥሎ ልጁ አንድ ዓመት እስኪሞላው ቋሚ የቀን ፈረቃ። ሦስተኛው እናቶች የሚረሱት ነው፦ ለልጅ ክትባትና ሕመም የሚደረግ መዘግየት እንደ በቂ ምክንያት እንዲቆጠር በኅብረት ስምምነቱ ወይም በሥራ ደንቡ ይጻፍ። ከላይ የጠቀስነው የ8 ጊዜ ደንብ ራሱ ለዚህ በር ከፍቷል፤ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የሥራ ውል ተቀባይ ያደረገው ምክንያት አይቆጠርም ይላል። አንዲት ብር የማያስወጣ፣ ግን ሥራዎን የሚያተርፍ ዓረፍተ ነገር ነው።

ማቆያው ራሱ ሲነሳ በቁጥር ይቅረብ። ለምሳሌ 24 ልጆች፣ ከነሱ 8ቱ ከአንድ ዓመት በታች፣ 16ቱ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ቢሆኑ፦ ለሕፃናቱ ለየ4ቱ አንድ ተንከባካቢ ሲያዝ 2፣ ለትልልቆቹ ለየ6ቱ አንድ ሲያዝ 3፣ ተተኪ 1፣ ምግብና ጽዳት ላይ 1፤ በድምሩ 7 ሰው። ቦታው ለአንድ ልጅ 2.5 ካሬ ሜትር ቢታሰብ 60 ካሬ ሜትር፣ ማብሰያና መጸዳጃ ሳይጨምር። የ7 ሰው ደመወዝ ለአንድ ፋብሪካ ከባድ ሊመስል ይችላል፤ ፓርኩ ውስጥ ጎን ለጎን ያሉ ሦስት አራት ፋብሪካዎች ቢከፋፈሉት ግን ሌላ ነው። በሌላኛው ዓምድ ላይ በወሊድ ምክንያት የለቀቁትን ሠራተኞች ቁጥርና አዲስ ሠራተኛ የመስፊያ ፍጥነቷ እስኪስተካከል የሚባክነውን ሳምንት ያስፍሩ፤ ቁጥሩን ከሰው ሀብት ክፍሉ ይውሰዱት፣ አትገምቱ። አሠሪ የሚረታው በዚያኛው ዓምድ ነው።

ይህ ሁሉ ወራት ይፈልጋል፤ እርስዎ ያለዎት 41 ቀን ነው። ስለዚህ የግል መፍትሔው ላይ እንምጣ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ልጁ ደሴ ይዋል ወይስ ኮምቦልቻ የሚለው ነው። ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በመካከሉ ያለውን የሐረጎን ዳገት ግን ማንም ያውቀዋል፤ ጭጋግ ሲወርድና ከባድ መኪና ሲሰለፍ የመንገዱ ሰዓት አይታመንም። እኛ የምንመክረው ልጁ 6 ወር እስኪሞላው ጡቱ ባለበት አካባቢ፣ ማለትም ኮምቦልቻ ለፓርኩ ቅርብ በሆነ ቦታ ቢውል ነው፤ የምሳ ዕረፍት ላይ ደርሰው የሚያጠቡት ከሆነ ብቻ። ካልደረሱ ግን ሕፃኑን በየቀኑ በ12 ሰዓት ብርድ አውጥቶ ቁልቁለት ማመላለስ ትርፉ ድካም ነው፤ ደሴ ከአባቱ መሥሪያ ቤት አጠገብ ይዋል። ኮምቦልቻ ዝቅ ያለችና ሞቃት ስለሆነች ወባም አለባት፤ እዚያ የሚውል ልጅ ካተኮሰው «ጥርስ ሊያወጣ ነው» ሳይባል ደም ይመርመር። ደሴ ላይ ደግሞ ስጋቱ ብርዱ ሳይሆን ለብርዱ የሚደረገው ነው፦ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ምድጃ። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፣ ሕፃን ከአዋቂ ቀድሞ ይታፈናል። ማቆያ ሊያዩ ሲሄዱ ልጆቹ በሚተኙበት ክፍል ከሰል ወይም አመድ ካዩ ሌላ ምንም ሳይጠይቁ ይውጡ።

ማቆያ የሚታየው ሳይነገር፣ ልጆች በሚመገቡበት ሰዓት ተሄዶ ነው። ስንት ልጅ፣ ስንት ተንከባካቢ እንዳለ ራስዎ ይቁጠሩ። አንዲት ሴት 10 ሕፃን ይዛ ካዩ ዋጋው ርካሽ የሆነበት ምክንያት እሱ ነው። ውሃ ሲጠፋ ምን እንደሚያደርጉ ይጠይቁ፤ ክዳን ያለው በርሜልና የእጅ ማስታጠቢያ ከሌለ ተቅማጥ ከልጅ ወደ ልጅ ይዛወራል። የንግድ ፈቃዱንና የብቃት ማረጋገጫውን ይመልከቱ፤ ቤቱን መቆጣጠር ያለበት የከተማው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው፣ እዚያ ሄዶ «ይህን ቤት ታውቁታላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ጥሩ ማቆያ እርስዎንም ይጠይቃል፦ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጡት ክትባቶች ተወስደዋል ወይ፣ ልጁን ከእናትና ከአባት ሌላ ማን ሊወስደው ይችላል፣ ሲታመም ለማን ይደወላል። የማይጠይቅ ማቆያ የታመመ ልጅንም ሳይጠይቅ ያስገባል። የመዝጊያ ሰዓቱን በጽሑፍ ይዋዋሉ። የትርፍ ሰዓት ሥራ በሕግ በቀን እስከ 4፣ በሳምንት እስከ 12 ሰዓት ሊደርስ ስለሚችል፣ ሰርቪሱ የዘገየ ዕለት ማን እንደሚወስደው አስቀድሞ ይታወቅ።

ሞግዚት ቤት ውስጥ መቅጠርን ከመረጡ፣ የቤት ሠራተኛ ቅጥር በ1156/2011 የማይሸፈን መሆኑን ይወቁ፤ ስለዚህ የምትስማሙበት ሁሉ በወረቀት ይስፈር፦ ደመወዝ፣ የዕረፍት ቀን፣ ሥራዋ ልጅ መያዝ ብቻ ነው ወይስ እንጀራና ልብስም አለበት። ሕፃን የያዘች ሴት እንጀራ እየጋገረች ልጅ ልትጠብቅ አትችልም፤ ቃጠሎ የሚደርሰው እንዲህ ነው። በደላላ ከመጣች ተያዥና የቀበሌ መታወቂያ ይጠየቅ። ከገጠር የዘመድ ልጅ ማምጣት በወሎ የተለመደ ነው፤ ከ15 ዓመት በታች የሆነች ልጅን ግን ሕፃን ይዘሽ ዋይ ማለት ሁለት ልጆችን በአንድ ቤት ያለ ጠባቂ መተው ነው፣ ትምህርቷም ይቀራል። ማንም ትሁን፣ እርስዎ ፈቃድ ላይ እያሉ ቢያንስ ሁለት ሳምንት አብራችሁ ዋሉ። በመጀመሪያው ሳምንት እርስዎ ይሠራሉ እሷ ታያለች፤ በሁለተኛው እሷ ትሠራለች እርስዎ ዝም ይላሉ። በሁለተኛው ሳምንት ለሁለት፣ ከዚያ ለአራት ሰዓት ወጣ ብለው ይመለሱ። ሳይለማመድ በአንድ ጠዋት የተተወ ልጅ ሲኒም ጡጦም አልይዝም ብሎ ቀኑን ሙሉ ያለቅሳል።

የወተቱ ጉዳይ እዚህ ይገባል። ከአንድ እስከ ስድስት ወር ያለ ሕፃን በቀን በአማካይ 750 ሚሊ ሊትር አካባቢ ይጠባል፤ ለ11 ሰዓት ከቤት ከራቁ ወደ 350 ሚሊ ሊትር መተው ያስፈልጋል፣ በቡና ሲኒ ከአራት እስከ አምስት ማለት ነው። ያንን በአንድ ጠዋት ማለብ አይቻልም። ወደ ሥራ ከመመለስዎ ሁለት ሳምንት በፊት ጀምረው በየማለዳው ልጁ ከጠባ በኋላ የቀረውን በእጅ ይለቡ፤ መጀመሪያ ላይ አንድ ሲኒ አይሞላም፣ ከሳምንት በኋላ ይሞላል። ዕቃው ሰፊ አፍ ያለው፣ የተቀቀለና ክዳን ያለው ይሁን። የታለበ ወተት እስከ 25 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ 4 ሰዓት፣ በፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል። የኮምቦልቻ ቀትር ከዚያ ስለሚሞቅ፣ ፋብሪካ ላይ ያለቡትን ያለ ፍሪጅ ወይም ያለ በረዶ ኮዳ ወደ ቤት አይውሰዱ። ሲሰጥ በሞቀ ውሃ ውስጥ ዕቃውን አስቀምጦ ለብ ማድረግ ነው እንጂ እሳት ላይ አይጣድም። ልጁ ቀምሶ ያስተረፈው ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይም። በጡጦ ፋንታ በትንሽ ሲኒ ማጠጣት ይመረጣል፤ ሲኒ ለማጠብ ቀላል ነው፣ ልጁም ጡት አይጠላም። ፋብሪካ ላይ ቀኑን ሙሉ ሳይታለቡ መዋል ጡት ያቆስላል፣ በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥም ወተቱን ይቀንሰዋል፤ «ወተቴ ደረቀ» የሚሉ ብዙዎች ያጡት ወተት ሳይሆን ያ ሁለት ግማሽ ሰዓት ነው።

ጎረቤቶችዎ መካከል ተመሳሳይ ችግር ያለባቸው አራት አምስት እናቶች ካሉ ሌላም መንገድ አለ። ሥራ የሌላቸው ሁለት ሦስት ሴቶች ተደራጅተው በሥራና ስልጠና በኩል ማቆያ በንግድ ሥራነት ማስመዝገብ ይችላሉ፤ ለጥቃቅንና አነስተኛ ሥራ የሚሰጠው የቦታና የብድር ድጋፍ ለማቆያም ሊጠየቅ የሚችል ነው። መንግሥት ለልጅ ማቆያ የሚያወጣውን ገንዘብ በወላጅ በኩል ከመጠበቅ በአገልግሎት ሰጪዋ በኩል መፈለግ ይቀላል የምንለው ለዚህ ነው። ገቢያቸው በጣም ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰቦች ደሴ ከመጀመሪያዎቹ 11 ከተሞች አንዷ ሆና የገባችበት የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ነበር፤ ነፍሰ ጡሮችና አጥቢዎች ከጉልበት ሥራ ወጥተው በጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍ እንዲቆዩ ያደርግ ነበር። ሁለት ደመወዝ ያለው የእናንተ ቤት ግን በዚህ መስፈርት አያልፍም፤ ጊዜዎን አያጥፉበት።

ልጁ ከፍ ሲል በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ያለው የቅድመ አንደኛ ትምህርት ይቀበለዋል። ክፍያ አይጠየቅበትም፣ ሰዓቱ ግን ከፋብሪካ ፈረቃ ያነሰ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ የሚይዘው ሰው ያኔም ያስፈልጋል።

ሥራ መተውን በተመለከተ፣ ሂሳቡን የአንድ ወር ደመወዝ ከአንድ ወር የማቆያ ክፍያ ጋር በማወዳደር ብቻ አይሥሩት። ማቆያ ውድ የሚሆነው ባብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ነው፤ ደመወዙና የአገልግሎት ዘመኑ ግን ይቀጥላሉ፤ የጡረታ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ይፈለጋል። ክፍያውም ከእርስዎ ደመወዝ ላይ ብቻ ለምን ይቀነሳል? ልጁ የሁለታችሁ ነው፣ ከሁለቱ ደመወዝ ድምር ላይ ይታሰብ። ይህን አይታችሁ መልቀቅ ከወሰናችሁ የ30 ቀን ማስታወቂያ በጽሑፍ ይስጡ። ፈቃዱ አልቆ ዝም ብሎ መቅረት እስከ 30 ቀን ደመወዝ ካሳ ያስከፍላል፤ መሸኛና የሥራ ልምድ ሲጠይቁም ያስቸግራል።

በዚህ ሳምንት፦ የዓመት ፈቃድ ማመልከቻዎን ለፋብሪካው፣ ባለቤትዎም የእሱን ለመሥሪያ ቤቱ ያስገቡ፤ ቀኖቹ እንዳይደራረቡ አብራችሁ በአንድ ካላንደር ላይ ምልክት አድርጉ። የቀን ፈረቃና የማለቢያ ዕረፍት ጥያቄውን ለብቻው በሌላ ደብዳቤ ይጻፉት፤ ከፈቃዱ ጋር ከተቀላቀለ አንዱ ሲከለከል ሌላውም አብሮ ይመለሳል። 14ኛው ሳምንት ክትባት ወደ ሥራ ከሚመለሱበት ቀን ጋር ስለሚቀራረብ ቀጠሮውን ከወዲሁ ካርዱ ላይ አይተው ያስተካክሉ። በክትባት ማግስት ትንሽ የሚያተኩሰው ልጅ ለማቆያ የመጀመሪያ ቀን አይሆንም።